ሰይጣን ነው አትበሉኝ፤ ዳንዳዳንን እዩት!

ነገሩ የተጀመረው በርጫ ላይ ነው። (ድሬ ውስጥ በርጫ ላይ ያልተጀመረ ነገር ካለ ንገሩኝ።) ደቻቱ፣ ከአሸዋው ዳር፣ አንድ ጓደኛችን ቤት አራት ሆነን ተቀምጠናል። ላፕቶፔን ከፈትኩና "ዛሬ ዳንዳዳን ነው የምናየው" አልኩ። "ምንድነው ደግሞ እሱ?" አሉኝ። የጃፓን አኒሜ ነው፣ መንፈስ አለ ብላ የምታምን አንዲት ልጅ ... ብዬ ሳልጨርስ ከሦስት ማዕዘን ሦስት ፍርድ ወረደብኝ።

አንዱ "አቦ ይሄ የሰይጣን ነገር ነው፣ ቤቴ ውስጥ አትክፈትብኝ!" አለ። ሁለተኛው "ሃያ ሰባት ዓመትህ ነው እኮ፤ ካርቱን አይበቃህም?" አለኝ። ሦስተኛው ግን ነው ያናደደኝ፤ ምክንያቱም ራሱ አኒሜ ያያል፦ "ሶሎ ሌቪሊንግ እያለ ማን ይሄን ቀልድ ያያል?"

በርጫ ላይ ክርክር አሸንፎ የወጣ ሰው የለም። ምርቃናው ሲመጣ ሁሉም ወደየራሱ ሐሳብ ይገባና ነገሩ እንደተንጠለጠለ ይቀራል። የእኔም እንደዚያው ቀረ። ስለዚህ መልሴን እነሆ በጽሑፍ፤ ሦስታችሁም አንብቡት።

ላላያችሁት በአጭሩ። ሞሞ የምትባል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አለች። አያቷ መንፈስ የምታነጋግርና የምታባርር፣ እንጀራዋም በዚሁ የሆነ ሴት ናት። ስለዚህ ሞሞ በመንፈስ ታምናለች፤ ከሌላ ዓለም በራሪ ነገር ይዞ የሚመጣ ፍጡር አለ ቢሏት ግን ትስቃለች። አንድ ጓደኛ የሌለው፣ ክፍል ውስጥ የሚቀለድበት መነጽራም ልጅ ደግሞ ግልብጡ ነው፤ በዩፎ ያምናል፣ በመንፈስ አያምንም። ይወራረዳሉ። እሷ ዩፎ ይታይበታል ወደተባለ የተተወ ሆስፒታል ትሄዳለች፣ እሱ መንፈስ አለበት ወደተባለ ዋሻ መንገድ ይሄዳል። ሁለቱም ልክ ሆነው ያርፉታል። ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ፣ ድብድብና ሳቅ ነው። (የልጁ ስም ኬን ታካኩራ ነው። ሞሞ የምትሞትለት የድሮ የጃፓን ተዋናይም ኬን ታካኩራ ነው። ይህን የመሰለ ስም ለዚህ መነጽራም አልሰጥም ብላ "ኦካሩን" የሚል ቅጽል ታወጣለታለች። ድሬ ብትወለድ ኖሮ ሰፈሩን ሁሉ ስም ታወጣለት ነበር።)

ደራሲው ዩኪኖቡ ታትሱ ነው። የቼይንሶው ማን ደራሲ ረዳት ሆኖ ሲሥል ቆይቶ ይህን የራሱን ማንጋ በ2013 ዓ.ም. ጀመረ። ወደ ፊልም የለወጠው ሳይንስ ሳሩ የሚባለው ስቱዲዮ ሲሆን የመጀመሪያው ምዕራፍ መስከረም 2017 ዓ.ም. ላይ ወጣ፤ ሁለተኛው በዚያው ዓመት ክረምት ተከተለ። እያንዳንዳቸው 12 ክፍል ናቸው።

"ካርቱን" ላልከኝ ወዳጄ መልሱ አጭር ነው። ካና በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ እናትህ ስንት የቱርክ ቤተሰብ ፍቺና ውርስ እንደተከታተለች ቁጠር። አንተም ከጎኗ ነበርክ፤ አትካድ። የተሣለ ሰው ሲያለቅስ ማየት ልጅነት፣ በአማርኛ የተገጠመለት የኢስታንቡል ባለሀብት ሲያለቅስ ማየት ብስለት የሚሆንበትን ሕግ ካገኘህልኝ እቀበላለሁ። ይለፍ።

"የሰይጣን ነገር" ላለኝ ግን በቁምነገር መመለስ እፈልጋለሁ፤ ሰውየው ከልቡ ነው የተናገረው፣ ቤቱም የእሱ ነው።

እስቲ ጠበል ቦታ ሄደህ ታውቃለህ? የታመመችው ሴት ስትጮህ ቄሱ መጀመሪያ ምን ይላል? "ማነህ? በምን ያዝካት?" ነው የሚለው። ዛር ወረደ የተባለበት ቤትም ያው ነው፤ ስሙን ይጠየቃል፣ ምን እንደሚፈልግ ይጠየቃል። በጎም ይሁን ክፉ፣ አገራችን የማይታየውን ነገር መጀመሪያ የምትጠይቀው ማንነቱን ነው። ስለ መንፈስ ማውራት ለመንፈስ መስገድ ከሆነ ያ ቄስም ተሳስቷል ማለት ነዋ!

ዳንዳዳን የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የሚገጥሙትን ጭራቅ ሁሉ ይመታል፣ ያባርራል፤ ግን ሳይጠይቅ አያልፍም። አንተ ማን ነበርክ? ምን አደረጉህ? ተከታታዩ መታየት አለበት የምለው ለዚህ ነው፤ ሥዕሉ ያምራል፣ ሙዚቃው ያስጨፍራል የሚለው ትርፍ ነው (ያምራልም፣ ያስጨፍራልም)።

ከዚህ በታች ፊልሙን ስለማወራ ሳያይ መስማት የማይፈልግ ሰው ይዝለል።

ዋሻው ውስጥ ያለችው "ቱርቦ አያት" የምትባል አፏ የማይከደን፣ መኪና የምትቀድም አሮጊት ናት። መጀመሪያ ትስቅባታለህ፣ ከዚያ ትፈራታለህ። ኦካሩንን ረግማ ለመናገር የሚያሳፍር የአካል ክፍሉን ትወስድበታለች፤ ቀልዱ እንግዲህ በዚህ ደረጃ ነው። ከተሸነፈች በኋላ ግን የሞሞ አያት አንድ ነገር ታወራለች። በዚያ ሥፍራ በጭካኔ የተገደሉ ልጃገረዶች ነበሩ፤ ያቺ አሮጊት የእነሱን ነፍስ ስታጽናና የኖረች ናት። ሦስት ክፍል ሙሉ ስንሸሻት የነበረችው ጭራቅ ማንም ያላለቀሰላቸውን ልጆች ስታስታምም ነበር ማለት ነው።

ሰባተኛው ክፍል ደግሞ አለ። ቀይ ቀሚስ የለበሰች፣ ጸጉሯ መሬት የሚነካ መንፈስ አይራ የምትባለዋን ልጅ "ልጄ ነሽ" እያለች ታሳድዳለች። ልትበላት ነው ብለን ነው የምናየው። ከዚያ ፊልሙ ፍጥነቱን ሁሉ ይተውና የሴትየዋን ሕይወት ያሳየናል። ብቻዋን ልጅ የምታሳድግ እናት ነበረች። ቀንም ሌሊትም ትሠራለች፣ ብድር አለባት፣ ለልጇ የምትመኘውን ቀይ ቀሚስ ትገዛላታለች። አበዳሪዎቹ መጥተው እሷን ደብድበው ልጇን ይዘውባት ይሄዳሉ። እየሮጠች ትከተላለች፤ አትደርስባቸውም። እሷም በዚያው ትሞታለች። ልጅቷ የት እንደደረሰች ፊልሙ አይነግረንም፤ እናትየዋም ሳታውቅ ነው የቀረችው። ንግግር የለውም ማለት ይቻላል፤ ሙዚቃና እግር ብቻ። እኔ ፊልም አይቶ የሚያለቅስ ሰው አይደለሁም። ያን ቀን ግን ላፕቶፑን ዘግቼ ውጭ ወጣሁ።

ውጭ ስወጣ ደግሞ ያለው አሸዋው ነው።

ደቻቱን ለማያውቅ፦ ከተማችንን ለሁለት የሚከፍላት ወንዝ ነው፤ ወዲህ ከዚራ፣ ወዲያ መጋላ። ወንዝ ስል ውኃ አትጠብቁ። ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። ደቡብ ካለው ተራራ፣ ከደንገጎ በኩል ዝናብ ሲጥል ግን ጎርፉ በዚህ በኩል ነው የሚወርደው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል፣ ሰው እንደተኛ፣ ወረደ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ፣ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው ቤቱን ለቀቀ። አስከሬናቸው ሳይገኝ የቀሩ ብዙ ናቸው። አሸዋው ይዟቸው ወደ ሺኒሌ ሜዳ ወረደ።

እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የማስታውሰው የቆርቆሮ ድምፅ ነው። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ክፍላችን ውስጥ ሁለት ቦታ ባዶ ነበር። ስም ሲጠራ ሁለቱ ስሞች አልተጠሩም፤ ከመዝገቡ ወጥተዋል። ማንም ምንም አላለንም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሌሎች ልጆች እዚያ ተቀመጡ።

አያቴ ከጎርፉ በፊትም "መግሪብ ሲል አሸዋው ላይ እንዳላይህ፣ ጅን አለ" ትለኝ ነበር። (ክርስቲያን ናት፤ ሰዓት የምትቆጥረው ግን በአዛን ነው። ድሬ ናት እንግዲህ።) ከጎርፉ በኋላ ወሬዋ ተለወጠ። ጅን ማለቱን ተወችና "ልጆች ናቸው፤ ይጠራሉ፣ እንዳትመልስ" ማለት ጀመረች። አሥረኛ ክፍል ስደርስ በዚህ ወሬዋ አፍር ነበር። አንድ ቀን ጓደኞቼ ባሉበት ስትናገር "እማማ፣ ሳይንስ የሚባል ነገር አለ እኮ!" ብዬ አሳቅኩባት። ሳቁ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ያን ወሬ ከአፏ ሰምቼው አላውቅም፤ አሁን የለችም።

ዳንዳዳን የመጀመሪያው ክፍል ላይ ሞሞ ልክ እንደዚህ ነው ያደረገችው። አያቷ ያስተማረቻትን ነገር የክፍል ጓደኞቿ ሲስቁበት አያቷን አፈረችባት፣ ተቆጣቻት። የሚያድናትም መጨረሻ ላይ ያ ያፈረችበት ነገር ነው። ታዲያ እኔ ይሄን እያየሁ ምን ልሁን?

ጃፓኖች ይሄን ከሰማይ አላወረዱትም። ቱርቦ አያት መጀመሪያ የልጆችና የሹፌሮች ወሬ ነበረች፤ አውራ ጎዳና ላይ መኪና እየቀደመች የምትሮጥ አሮጊት አለች የሚል። እ.ኤ.አ. በ1979 ደግሞ "አፏ የተቀደደ ሴት አለች" የሚል ወሬ አገሩን ሞልቶ ሕፃናት ከትምህርት ቤት በቡድን ይመለሱ ነበር። የእኛ "ጅን አለ" ከዚህ በምን ያንሳል? ልዩነቱ እነሱ ጋ ወሬውን ቁጭ ብሎ የጻፈና የሣለ ሰው መኖሩ ነው። የዚህ ነገር አባት የሚባለው ሺገሩ ሚዙኪ ነው። በጦርነቱ ራባኡል ላይ ግራ እጁን አጥቶ በአንድ እጁ ሲሥል የኖረ ሰው። መናፍስቱን ያስተዋወቀችው ልጅ እያለ ተረት የምትነግረው አንዲት ምስኪን የሰፈር አሮጊት ናት፤ በስሟ ኖኖንባ ብሎ መጽሐፍ ሠራላት፣ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ2007 ፈረንሳይ አንጉሌም ላይ የዓመቱ ምርጥ ተባለ። ባደገባት ሳካይሚናቶ የምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ ዛሬ በስሙ የተሰየመ መንገድ አለ፤ ዳርና ዳሩ ከ170 በላይ የነሐስ ጭራቅ ቆሞበታል፣ ሰው ሊያይ ከሩቅ ይመጣል። የአንዲት አሮጊት ተረት ነው ያን ሁሉ ሐውልት ያቆመው። እኔ የራሴዋን አሳቅኩባት።

ጎርፉን ያነሳሁት ለማስለቀስ አይደለም። በመጋቢት 2003 ዓ.ም. የጃፓንን ሰሜን ምሥራቅ ባሕሩ ሲመታው ወደ 16 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሞተ፣ ከ2,500 በላይ ደግሞ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንዲት የሶሺዮሎጂ ተማሪ ኢሺኖማኪ ከተማ ሄዳ ከመቶ በላይ የታክሲ ሹፌሮችን ጠየቀች። ሰባቱ መንፈስ ጭነን እናውቃለን አሏት። አንዱ የነገራት በበጋ ወፍራም ካፖርት የለበሰች ሴት ጫንኩ ነው፤ ሚናሚሃማ አድርሰኝ ስትለው እዚያ እኮ አሁን ምንም የለም አላት፤ እሷም ሞቼ ነው እንዴ ብላ ጠየቀችው። ዞር ሲል የለችም። ቆጣሪው ግን ቆጥሯል፣ ሂሳቡን ከኪሱ ከፈለ። እኔ እዚህ ላይ የምገረመው ሴትየዋ መንፈስ መሆኗና አለመሆኗ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ያለች ልጅ ይሄን ሹፌር አልሳቀችበትም፤ ደብተር አውጥታ ጻፈች። ደቻቱ ላይ ደብተር ይዞ የመጣ ሰው አይቼ አላውቅም። ግንቡን ሠሩልን፣ እሰየው፣ ግንቡ ያስፈልግ ነበር። አያቴን ግን ማንም አልጠየቃትም፤ እኔን ጨምሮ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ወዳጄ፣ ወደ ሶሎ ሌቪሊንጉ።

አቦ፣ ሶሎ ሌቪሊንግን አይቻለሁ። ሁለቱንም ምዕራፍ። ድብድቡ ያምራል አልልህም ብል እዋሻለሁ፤ በ2017 ዓ.ም. የክረንቺሮል ሽልማት ላይ ዳንዳዳንን ጨምሮ ሁሉንም አሸንፎ የዓመቱ አኒሜ መባሉንም አውቃለሁ፣ በየበርጫው ትነግረኛለህ። ግን እስቲ ምን እንደሆነ እንይ። ደካማ ልጅ ነበር፣ ጭራቅ ገደለ፣ ነጥብ አገኘ፣ ጠነከረ፣ ሌላ ጭራቅ ገደለ። የተገደለው ማን ነበር ብሎ የጠየቀ አለ? መጨረሻ ላይማ የሞተውን "ተነሥ" ይለውና ወታደሩ ያደርገዋል። ሙት ሆኖም አያርፍም፤ ለአሸናፊው ተሰልፎ ይዋጋል። እኛ ዕድሜ ላይ ላለ፣ ሥራ ለሌለው፣ ቤት ውስጥ ለሚነቀፍ ልጅ ይሄ ሕልም እንደሚጣፍጥ ይገባኛል። እኔም ጣፍጦኛል። ብቻ ዓለምን አሸናፊና ነጥብ ብቻ አድርጎ የሚያይ ፊልም መቶ ክፍል ብታይ ስለ ጎረቤትህ አንድ ነገር አይነግርህም። ዳንዳዳን "ቀልድ ነው" ያልከውም ትክክል ነህ፤ ግማሹ ቀልድ ነው፣ ያውም ብልግና ያለበት ቀልድ። ለቅሶ ቤት ገብተህ አታውቅም? ሦስተኛው ቀን ላይ በሳቅ የሚያፈርሰው ሰው ከሁሉም በላይ ያዘነው ነው።

ጉድለቱንም ልናገር፣ ደግሞ ደላላ እንዳልባል። የመጀመሪያው ክፍል ላይ ከሌላ ዓለም የመጡት ሰዎች ሞሞን ይዘው የሚያስፈራሩበት ትዕይንት ነውር ነው። የአሥራ ምናምን ዓመት ተማሪን እንደዚያ አድርጎ ማሳየት ታሪኩ አያስፈልገውም ነበር፤ ያለዚያም ይቆም ነበር። በዚህ ምክንያት ተከታታዩን የተወች ጓደኛ አለችኝ፤ አልከራከራትም። ሁለተኛው ምዕራፍም መሐሉ ላይ ግዙፍ ነገር ከግዙፍ ነገር እያጋጨ ይንዛዛል። ታናሽ እህትና ወንድሞቻችሁንም አስቀምጣችሁ አትዩ፤ የሕፃን አይደለም።

በዚያን ቀን ማለትም ሰባተኛውን ክፍል አይቼ ውጭ ወጥቼ ስመለስ ላፕቶፑ ተከፍቷል፤ እናቴ ከፊት ለፊቱ ቁጭ ብላለች። ከመጀመሪያው ጀምሪው ብላ እህቴን አዝዛታለች። እናቴ ጃፓንኛም እንግሊዝኛም አትችልም። እንዳልኳችሁ ክፍሉ ንግግር የለውም። ጨረሰችውና "ልጇን ታዲያ አገኘቻት?" አለችኝ። የራሷን አላገኘችም፣ ሌላ ልጅ አቅፋ ተሰናበተቻት አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና ከእኛ ግቢ ሁለተኛው ቤት ትኖር የነበረችውን ሴትዮ አነሳች፤ ጎርፉ ሁለት ልጆቿን የወሰደባትን፣ ከዚያ ሰፈር ለቃ የሄደችውን። የልጆቹን ስም ጠራችው። አንደኛው ከእኔ ክፍል ባዶ ቦታዎች የአንዱ ባለቤት ነበር። 20 ዓመት ሊሆነው ነው፤ ያ ስም ቤታችን ውስጥ ሲጠራ የሰማሁት ያን ዕለት ነው። እስከ ማታ ስለዚያች ሴትዮ አወራን፤ ምን ትሸጥ እንደነበር፣ እንዴት ትስቅ እንደነበር፣ ልጇ እኔን ደብድቦኝ እናቴ ልትጣላት ሄዳ ሻይ ጠጥታ እንደተመለሰች።

ይሄንን ያደረገው እንግዲህ "የሰይጣን ነገር" የተባለው ካርቱን ነው።

ለማየት ለምትፈልጉ፦ በአማርኛ አንድ ሰው ሁሉንም እየተረከ የሚለቀውን አትውሰዱ፣ ቀልዱ ይሞታል። በጃፓንኛው ከነጽሑፉ እዩት። ቢያንስ እስከ ሰባተኛው ሳትደርሱ አትፍረዱ፤ ሰባተኛውን በስልክ አትዩት፣ ከተቻለም ብቻችሁን አትዩት። ሦስተኛ ምዕራፍም እንደሚቀጥል ተነግሯል። እኔ ጋ ሁለቱም ምዕራፍ፣ 24ቱም ክፍል አለ፤ ባዶ ፍላሽ ይዞ የመጣ በነፃ እጭንለታለሁ። የሶሎ ሌቪሊንግ ደጋፊዎች ግን ቢያንስ በርጫውን ቻሉ።